ዲስኩ ሳይሞላ የሚከሽፍ ባክአፕ

እ.ኤ.አ. በ2024 መገባደጃ ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 11 24ኤች2 የተሰኘውን ዝማኔ ለሕዝብ ሲለቅ፣ ለዓመታት ያለ ኮሽታ ሲሠሩ የኖሩ የቤትና የአነስተኛ ቢሮ ባክአፖች መቆም ጀመሩ። የተለወጠው ዲስክ አልነበረም፤ ኬብልም አልነበረም። በፕሮ፣ በኢንተርፕራይዝና በኤጁኬሽን እትሞች ላይ ኮምፒውተሩ ከኔትወርክ ማከማቻ ጋር የሚለዋወጠው መልእክት ሁሉ በዲጂታል ፊርማ እንዲረጋገጥ በነባሪነት ተደነገገ። በፕሮ እትም ደግሞ ያለ ፓስወርድ፣ በእንግድነት መግባት ተዘጋ። ፊርማውን የማያውቁ ወይም በእንግድነት ብቻ ይከፈቱ የነበሩ ማከማቻዎች ከአዲሱ ዊንዶውስ ጋር መነጋገር አቃታቸው። ባለቤቶቻቸው ያዩት ግን “ባክአፕ አልተሳካም” የሚል መልእክትና አንድ ረጅም ኮድ ብቻ ነው። ሙሉ ባክአፕ በኔትወርክ ላይ ሲከሽፍ ጥፋቱን ከማከማቻው ዘንድ መፈለግ ልማድ ሆኗል። ማስረጃው ግን ወደ ሌላ ቦታ ይጠቁማል። ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው በሁለቱ ማሽኖች መካከል ያለው ስምምነት ነው፤ ይህም ስምምነት ከዓመት ዓመት እየጠበቀ ሄዷል። ስለዚህ ትልቅ ዲስክ ከመግዛትም ሆነ ጥበቃውን ከማላላት በፊት ስምምነቱ የት ላይ እንደተቋረጠ መለየት፣ ከዚያም ወደኋላ የቀረውን ወገን ወደ አዲሱ ማምጣት ይገባል።

ሙሉ ባክአፕ ከፋይል ቅጂ ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው አንድ ዓይነት ሥራ ይመስለዋል። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። ሙሉ ባክአፕ ሰነድና ፎቶ ብቻ አይወስድም፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን፣ የተጫኑትን ፕሮግራሞችና ኮምፒውተሩ የሚነሳባቸውን ድብቅ ፓርቲሽኖች ጭምር በአንድ ላይ ይይዛል። ለዚህም ዊንዶውስ መጀመሪያ የዲስኩን የአንድ ቅጽበት ምስል ያነሳል፤ ፋይሎች በሥራ ላይ እያሉ ቢለዋወጡም ቅጂው ወጥ እንዲሆን ነው። ቀጥሎ የተጻፈበትን የዲስክ ክፍል ሁሉ ያነባል፤ ማከማቻውን በኔትወርኩ ላይ በስሙ ይፈልጋል፤ ፓስወርድ ያቀርባል፤ እጅግ ትልቅ ፋይል ከፍቶ ለሰዓታት ይጽፋል፤ በመጨረሻም የጻፈውን መዝግቦ ይዘጋል። ከእነዚህ አንዱ ከተሰናከለ ሥራው በሙሉ ይከሽፋል። “ፎልደሩ ይከፈታል፣ ፋይልም በእጄ ቀድቼበታለሁ፤ ስለዚህ ግንኙነቱ ደህና ነው” የሚለው ሙግትም እዚህ ላይ አይቆምም። በእጁ የሚቀዳ ሰው የገባው በራሱ ስም ነው፤ በቀጠሮ የሚነሳው ባክአፕ ግን ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በሲስተሙ ስም ነው። ተጠቃሚው ፊደል ሰጥቶ የሰየመው የኔትወርክ ድራይቭ ለእርሱ ብቻ የተከፈተ ስለሆነ ሲስተሙ አያየውም። ባክአፑ ሙሉውን የኔትወርክ አድራሻና የራሱን የመግቢያ ስም ይፈልጋል። በዚያ ላይ ዊንዶውስ አንድ ተጠቃሚ በሁለት የተለያዩ ስሞች ወደ አንድ ሰርቨር በአንድ ጊዜ እንዲገባ አይፈቅድም፤ በእጅ የተከፈተው ፎልደር ራሱ ባክአፑን ሊያግድ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

መልእክቶቹ ራሳቸው ወደ ተሳሳተ ቦታ ሲመሩ ደግሞ ነገሩ ይባባሳል። ለዚህ ግልጹ ምሳሌ “የቅጽበት ምስል ለመፍጠር በቂ የዲስክ ቦታ የለም” የሚለው የዊንዶውስ ማስታወቂያ ነው። ይህን ያነበበ ሰው ዓይኑ በቀጥታ የሚሄደው ወደ ኔትወርክ ማከማቻው ነው። አሮጌ ፋይል ይሰርዛል፤ ካልሆነም ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ ገዝቶ ይተካል፤ መልእክቱ ግን ተመልሶ ይመጣል። ቦታ ያጣው ማከማቻው ሳይሆን፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተሸሽጎ ያለ ትንሽ ፓርቲሽን ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ የቅጽበት ምስሉን ለማንሳት ከ500 ሜጋባይት በታች የሆነ ፓርቲሽን ቢያንስ 50 ሜጋባይት ባዶ ቦታ እንዲኖረው ይጠይቃል፤ ከ500 ሜጋባይት በላይ ለሆነው ደግሞ 320 ሜጋባይት። የማገገሚያ ፓርቲሽኑ በዝማኔ እየተሞላ ሲሄድ ከዚህ ወለል በታች ይወርዳል፤ ቴራባይት ቦታ ያለው ማከማቻ ጎን ለጎን ተቀምጦ ባክአፑ በጥቂት ሜጋባይት እጥረት ይወድቃል። መድኃኒቱ ያንን ፓርቲሽን ማስፋት ወይም ለቅጽበት ምስሉ ሌላ ቦታ መመደብ ነው። በማከማቻው ላይ የወጣው ገንዘብ አንዳች አልፈየደም፤ የጠበበው የትኛው ፓርቲሽን እንደሆነ ማስታወቂያው ለይቶ አይናገርም።

ታዲያ ማስታወቂያውን ማመን ካልተቻለ ምን ይታመናል? ከቃሉ ይልቅ ሥራው የቆመበት ቦታና በረጅሙ ኮድ ውስጥ ያለው የዊንዶውስ የስህተት ቁጥር የበለጠ ይናገራሉ። ገና ሲጀምር፣ አንድም ሜጋባይት ሳይጻፍ የሚወድቅ ባክአፕ ችግሩ ከመግቢያው በር ላይ ነው። ቁጥር 53 ማከማቻው በአድራሻው አልተገኘም ማለት ነው፤ 1326 ስሙ ወይም ፓስወርዱ ተቀባይነት አጣ፤ 5 ደግሞ በሩ ተከፍቶ የመጻፍ ፈቃድ አልተገኘም። በየጊዜው እዚያው ቦታ ላይ ደርሶ የሚቆም ባክአፕ የሚያመለክተው ቋሚ እንቅፋት ነው። ከራውተር ወይም ከማከማቻ ጀርባ የተሰካው ዲስክ ፋት32 በተባለው አሮጌ አሠራር ፎርማት የተደረገ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፤ የሙሉ ባክአፕ ፋይል ደግሞ ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። ቋሚ እንቅፋቱ ከምንጩ ኮምፒውተር ዲስክም ሊሆን ይችላል፤ ቁጥር 23 የሚለው ያንን ነው፦ መረጃው ሊነበብ አልቻለም። ሙሉ ባክአፕ ለዓመታት ማንም ያልከፈታቸውን የዲስክ ክፍሎች ሳይቀር ስለሚያነብ፣ የሚሞት ዲስክን አስቀድሞ የሚያጋልጠው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። ይህን ቁጥር አይቶ በማከማቻው ላይ መልሶ መሞከር ቀሪውን ዕድል ማባከን ይሆናል፤ መጀመሪያ ዋና ዋናዎቹን ፋይሎች ማውጣት ይቀድማል። በዘፈቀደ፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚቋረጠው ግን የመስመር ጉዳይ ነው፤ 59 እና 64 የሚሉት ቁጥሮች የሚታዩት በዚህ ጊዜ ነው።

የመስመሩን ጉዳይ ለመረዳት ሒሳቡን መሥራት ይጠቅማል። በአንድ ጊጋቢት ኬብል በሰከንድ 110 ሜጋባይት ያህል ቢተላለፍ፣ አንድ ቴራባይት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። በሰከንድ 20 ሜጋባይት በሚያደርስ ዋይፋይ ከሆነ ግን ያው ቴራባይት ወደ 14 ሰዓት ይጠጋል። በ14 ሰዓት ውስጥ ላፕቶፑ ይተኛል፣ ራውተሩ ራሱን ያድሳል፣ ሰውም ኮምፒውተሩን ዘግቶ ይሄዳል። በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች ለሚሠራ ስቱዲዮ ወይም የሒሳብ ቢሮ ደግሞ የመብራት መቋረጥ ይጨመርበታል። ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው መብራት መሄዱን አያስተውልም፤ ራውተሩና ማከማቻው ግን በዚያው ቅጽበት ይጠፋሉ፤ ስለዚህ ዩፒኤስ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ለእነዚህ ነው። የመቋረጡ ዋጋ ደግሞ ከጊዜ ብክነት ያልፋል። የዊንዶውስ የራሱ የሲስተም ምስል በኔትወርክ ላይ ሲቀመጥ የሚይዘው የመጨረሻውን ብቻ ነው፤ አዲሱ በቀድሞው ላይ ስለሚጻፍ መሀል ላይ ከተቋረጠ ትናንት ደህና የነበረውም አብሮ ሊሄድ ይችላል። በማክ በኩልም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ያለው ታይም ማሽን በኔትወርክ ሲሠራ ሁሉንም የሚጽፈው በአንድ የዲስክ ምስል ውስጥ ነው። ያ ምስል በተደጋጋሚ መቋረጥ ሲጎዳ ፕሮግራሙ አዲስ ባክአፕ መጀመር እንዳለበት ያስታውቃል፤ የቆየው የፋይል ታሪክም በዚያው ይቀራል። የመጀመሪያውን ሙሉ ባክአፕ በኬብል፣ እንቅልፉን አጥፍቶ መጨረስ ከብዙ ምርመራ ያድናል የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ ልብ እንመለስ። ስምምነቱ ከጠበቀ ለምን አላልተነው አንቀጥልም? ይህ ምክር በብዙ ባለሙያ አፍ ላይ ያለ ነው፦ ፊርማውን አጥፋ፣ የእንግዳ መግቢያውን ክፈት፣ ካልሆነም ኤስኤምቢ የተባለውን የፋይል መጋሪያ ስምምነት የመጀመሪያ ቨርዥን መልሰህ ጫን። በእርግጥም ይሠራል፤ ባክአፑ በደቂቃዎች ውስጥ መሄድ ይጀምራል። ነገር ግን ጥብቀቱ ከየት እንደመጣ ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ኤስኤምቢ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ በአንድ ቢሮ ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮች እርስ በርስ ይተማመኑ በነበረበት ዘመን የተቀረጸ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ በዚሁ አሮጌ ስምምነት ውስጥ በነበረ ቀዳዳ ገብቶ በ150 ገደማ አገሮች ኮምፒውተሮችን ቆለፈ፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሕሙማንን እስከ መመለስ ደረሱ። የቀዳዳው መድፈኛ ከሁለት ወር በፊት፣ በመጋቢት ወጥቶ ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት የወጣው ዊንዶውስ 10 ቨርዥን 1709 የመጀመሪያውን ኤስኤምቢ በነባሪነት መጫን አቆመ። ፊርማም የመጣው በተመሳሳይ ምክንያት ነው፦ በመሀል የገባ ሰው መልእክቱን እንዳይለውጥ ወይም የሌላውን መግቢያ ወስዶ እንዳይጠቀምበት። ባክአፕ የሚያዘው መረጃ እንዳይጠፋ ነው፤ መረጃውን ለሚያጠፋው ቫይረስ በሩን ከፍቶ ባክአፕ መያዝ ራሱን የሚያፈርስ ሥራ ነው።

በዚህ ላይ ሚዛናዊ ተቃውሞ መኖሩ አይካድም። ጥብቀቱን የወሰነው ሶፍትዌር ሠሪው ነው፤ ወጪው የወደቀው ግን ደህና የሚሠራ የአሥር ዓመት ማከማቻ ባለው ሰው ላይ ነው። ለውጡ ሲመጣም ኮምፒውተሩ “ማከማቻህ ፊርማ አያውቅም” ብሎ በግልጽ ቢናገር ኖሮ ብዙ የባከነ ጊዜ ይተርፍ ነበር። ቅሬታው ተገቢ ነው፤ ሆኖም ጥበቃውን ወደ ማላላት አያደርስም። ብዙ ማከማቻዎች በፈርምዌር ዝማኔ ወይም በቅንብር ገጻቸው ላይ ባለ አንድ ምርጫ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ኤስኤምቢ፣ ፊርማውንም መቀበል ይችላሉ። የእንግዳ መግቢያውን ትቶ ለባክአፕ ብቻ የሚያገለግል፣ ጠንካራ ፓስወርድ ያለው፣ ከአንድ ፎልደር በቀር ሌላ የማይነካ አካውንት መክፈት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ማከማቻው ሁልጊዜ አንድ አድራሻ እንዲኖረው በራውተሩ ላይ ማስመዝገብም እንዲሁ። ሠሪው ትቶት ዝማኔ የማያገኘው ማሽን ግን በኔትወርክ ላይ መቆየቱ ራሱ አደጋ ነው። በውስጡ ያለው ዲስክ ጤነኛ ከሆነ መረጃውን ወደ ሌላ አውጥቶ፣ አዲስ ፎርማት አድርጎ፣ በዩኤስቢ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ መጠቀም ይቻላል፤ ለዚያ የኔትወርክ ስምምነት አያስፈልግም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ጠለቅ ይላል፦ ሙሉ ባክአፕ ራሱ ያለፈበት ነው፤ ፋይሎች ክላውድ ላይ ናቸው፤ ዊንዶውስም በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደ አዲስ ይጫናል። ማይክሮሶፍት ራሱ ይህን አቅጣጫ ይዟል። የሲስተም ምስል መሣሪያውን እ.ኤ.አ. በ2017 ከሚተዉት ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፤ በኋላ ያመጣው “ዊንዶውስ ባክአፕ” ደግሞ ፎልደሮችን፣ ማስተካከያዎችንና የፕሮግራሞችን ዝርዝር ወደ ዋንድራይቭ የሚያመሳስል እንጂ የዲስኩን ምስል የሚወስድ አይደለም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 14 ቀን 2025 ሲያበቃ ማስተካከያዎቻቸውን በዚህ መሣሪያ ለሚያመሳስሉ የግል ተጠቃሚዎች የተራዘመውን የደኅንነት ዝማኔ ያለ ክፍያ እስከ መስጠት ደርሷል። ሰነድ ብቻ ለሚጽፍ ሰው ይህ ሊበቃ ይችላል። የዋንድራይቭ ነፃ ቦታ ግን 5 ጊጋባይት ነው። በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚልክ ኢንተርኔት አንድ ቴራባይት ለመጫን ከዘጠኝ ቀን በላይ ያስፈልጋል፤ ለቪዲዮ አርታኢና ለፎቶ ስቱዲዮ ይህ የማይታሰብ ነው። ፈቃዱ በአንድ ኮምፒውተር ላይ የታሰረ የሒሳብ ሶፍትዌር፣ መጫኛው የጠፋ የማተሚያ ቤት ፕሮግራም፣ በዓመታት የተከማቸ ቅንብር በአንድ ሰዓት አይመለስም። ማመሳሰል በአንዱ በኩል የተሰረዘውን በሌላውም ይሰርዛል፤ በስህተት ለጠፋ ፋይል አገልግሎቱ ለተወሰነ ጊዜ በሚያቆየው ላይ መመካት ይሆናል። ኢንተርኔት ውድና ቀርፋፋ በሆነበት ሁሉ ጎን ላይ የተቀመጠ ማከማቻ ገና አልተተካም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ተግባራዊ ነው፦ የዊንዶውስን መሣሪያ ትቶ ሌላ ፕሮግራም መጫን። ነፃው የቪም ኤጀንትም ሆነ ሲኖሎጂ ለማከማቻዎቹ የሚሰጠው አክቲቭ ባክአፕ ከተተወው የዊንዶውስ መሣሪያ ይሻላሉ፤ ብዙ የቀድሞ ቅጂዎችን ይይዛሉ፣ ከመጀመሪያው በኋላም የተለወጠውን ብቻ ይልካሉ። እንደ አክቲቭ ባክአፕ ያለው ኤስኤምቢን ጨርሶ ትቶ በራሱ መንገድ ከማከማቻው ጋር ስለሚነጋገር የፊርማው ጣጣ አይነካውም። ሆኖም ፕሮግራም መለወጥ ምርመራን አይተካም። አዲሱም ፕሮግራም በዊንዶውስ ላይ የሚደገፈው በዚያው የቅጽበት ምስል አገልግሎት ነው፤ የሚያነበው ያንኑ ዲስክ ነው፤ መብራት ሲሄድ የሚቆመውም በዚያው ራውተር ነው። ምክንያቱን ሳይለይ መሣሪያ የቀየረ ሰው ችግሩ ከስምምነቱ ላይ ከነበረ በዕድል ይወጣዋል፤ ከዲስኩ ወይም ከመስመሩ ከሆነ ግን ያው ውድቀት በአዲስ መልእክት ይመጣበታል።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ውድቀቱ ከተሰማ ነው። የከፋው ማንም ሳይሰማው የሚሆነው ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም እንዲሉ፣ የማይናገር ባክአፕ አይጠገንም። ለዚህ ጊትላብ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 የደረሰበትን ራሱ ለሕዝብ ይፋ አድርጎታል። አንድ መሐንዲስ በድካም ሰዓት የተጠባባቂውን ሰርቨር ዳታቤዝ ያጸዳ መስሎት የዋናውን ሰረዘ፤ ሲያቆመው ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ጊጋባይት ያህል ነበር። ወደ ባክአፑ ሲኬድ ማስቀመጫው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ባክአፕ የሚያደርገው መሣሪያ ቨርዥን 9.2፣ ዳታቤዙ ደግሞ 9.6 ስለነበረ ሁለቱ ሳይግባቡ ሥራው በየቀኑ ይከሽፍ ነበር። ውድቀቱን የሚያሳውቁት ኢሜይሎች ሲላኩ ቆይተዋል፤ ግን የላኪነት ማረጋገጫ ስላልነበራቸው ተቀባዩ ሰርቨር እየመለሳቸው አልደረሱም። ድርጅቱን ያዳነው ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ሥራ በእጅ የተወሰደ የዲስክ ምስል ነው፤ የስድስት ሰዓቱ መረጃ ግን ጠፋ። በቂ ዲስክ ነበር፤ ባለሙያም ነበር። የፈረሰው ስምምነት ነው፤ ያውም በሁለት ቦታ፦ በመሣሪያውና በዳታቤዙ መካከል፣ በማሳወቂያውና በኢሜይል ሰርቨሩ መካከል። በዚህ ዓይን ሲታይ በስክሪን ላይ የሚጮህ የስህተት መልእክት እንደ መልካም ዜና ሊቆጠር ይገባዋል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ማስረጃ አለ፦ ማከማቻው ራሱ የመጨረሻ ምሽግ አይደለም። በሰኔ 2021 ማይ ቡክ ላይቭ የተባሉት የዌስተርን ዲጂታል የቤት ማከማቻዎች በኢንተርኔት በኩል ተጠቅተው ብዙዎቹ ወደ ፋብሪካ ይዞታቸው ተመለሱ፤ መረጃቸው ተጠረገ። የእነዚህ መሣሪያዎች የመጨረሻ ዝማኔ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነበር። በዚያው በ2021 ሚያዝያ ኪውሎከር የተባለው ጥቃት በኪውናፕ ማከማቻዎች ላይ ያሉ ፋይሎችን በፓስወርድ ቆልፎ ገንዘብ ጠይቋል። ሁለት ዲስክ አንዱ የሌላው ግልባጭ ሆኖ መሥራቱ ከዲስክ መሞት ያድናል፤ ከእንዲህ ዓይነቱ ጥፋት ግን አያድንም፤ የተሰረዘው ከሁለቱም ላይ ይሰረዛልና። ፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስፋፋው የ3-2-1 ደንብ፣ ማለትም ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ፣ እስካሁን የጸናው ለዚህ ነው። ተነቅሎ ከቤት ውጭ የሚቀመጥ አንድ ተራ ሃርድ ዲስክ ሦስተኛውን ቦታ ይሸፍናል።

ይህ ሁሉ ተደምሮ የባክአፕ ጥገና መቼ እንዳለቀ የሚነግረን ምንድን ነው? አረንጓዴው ምልክት ብቻውን አይበቃም፤ መጻፍ መቻሉን ይናገራል እንጂ መመለስ መቻሉን አይናገርም። መመለስ ሌላ ስምምነት ነው። ኮምፒውተሩ በማገገሚያ ፍላሽ ሲነሳ የዋይፋዩ ድራይቨር ላይኖረው፣ የማከማቻው ስም ላይታየው፣ ሙሉ አድራሻና ፓስወርድ ሊጠይቅ ይችላል። ፓስወርዱ የተቀመጠው በሞተው ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ከሆነ ባክአፑ አለ፤ ግን አይከፈትም። ስለዚህ ጥገናው የሚያበቃው አንድ ፎልደር ወደ ሌላ ቦታ ተመልሶ ሲከፈት፣ ኮምፒውተሩም በማገገሚያ ፍላሽ ተነስቶ ማከማቻውን ሲያገኝ ነው። ይህ ሙከራ አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚያበቃም አይደለም፤ ስምምነቱ መጥበቁን አላቆመምና። አፕል የቀድሞውን የፋይል መጋሪያውን ኤኤፍፒን ከሰርቨርነት በ2020 አውጥቶታል፤ በ2025 በወጣው ማክኦኤስ 15.5 ደግሞ የቀረውም ክፍል ወደፊት እንደሚወገድ አስታውቋል፤ በእርሱ ብቻ የሚሠሩ አሮጌ የታይም ማሽን ማከማቻዎች ተራቸው ይደርሳል። ትናንት የሠራ ባክአፕ ለነገ ዋስትና የሚሆነው በሁለቱም ወገን ምንም ካልተለወጠ ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን በየወሩ ይለወጣል። ትልቅ ዝማኔ የጫነ ሰው በዚያው ቀን አንድ ፋይል ከማከማቻው መልሶ ቢከፍት፣ የፈረሰውን ስምምነት የሚያገኘው ዲስኩ ገና ሳይሞት ነው።